ኦርጋኑ የሚተነፍስበት ቦታ

ንጉሡ በየማለዳው የሱቁን መዝጊያ ከፍቶ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ የሚያደርጋት አንዲት ነገር ነበረች። ከመሳቢያው ሽፋኑ የተሰነጠቀ ካሴት ያወጣል። እስክሪብቶውን በጥርሳሙ ቀዳዳ ሰክቶ የላላው ክር እስኪወጠር ድረስ ቀስ አድርጎ ያዞራል። እፍ ይልበታል። ቴፑ ውስጥ ይከተዋል። ቁልፉን ግን ወዲያው አይጫንም፤ ጣቱን ላዩ ላይ አሳርፎ፣ የሰው በር ከማንኳኳቱ በፊት እንደሚያመነታ እንግዳ ጥቂት ይቆያል። ቆይቶ ይጫነዋል።

የሚወጣው ዘፈን አይደለም፤ ዘፋኝ የለበትም። ኦርጋን ብቻ ነው። ከሥሩ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚመታ የኤሌክትሪክ ከበሮ አለ፤ ከላዩ ደግሞ የአንድ ሰው ጣቶች የሚያስኬዱት ቀጭን፣ ረጅም ድምፅ። በዚያ ዘመን አንድ ዘፋኝ ዘፈኖቹን ጨርሶ ካሴቱ ገና ክር ሲተርፈው፣ ባዶውን ቦታ እንዲህ ባለ ሙዚቃ ይሞሉት ነበር። የሞላው ሰው ስሙ አይጻፍም። የካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው የዘፋኙ ፎቶ ነው።

ንጉሡ በመካነ ሰላም ከተማ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ነበር። ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር። እሱና ታላቅ ወንድሙ አጥናፉ፣ ወደ ዓባይ ቆላ ቁልቁል ከሚያሳይ አንድ አፋፍ ላይ በነበረ ደብር ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ ለምነው ዜማ ተምረዋል። አጥናፉ ድምፀ መልካም ነበር፤ ችኩልም ነበር። ቁልቁለት ሲወርድ አይራመድም፣ ይሮጣል። ድጓውን ሳይጨርስ ‘ዘመናዊ ትምህርት ይሻለኛል’ ብሎ ደሴ ገባ። በሰባው ዓመተ ምሕረት፣ ወጣት ሁሉ በየቤቱ በሚታፈስበት ጊዜ፣ እሱንም ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። አስከሬን አልተሰጠም፤ ለቅሶ አልተቀመጡም። ንጉሡም ከዚያ በኋላ ዜማውን ተወው። ብቻውን ሲያዜም ሁለተኛውን ድምፅ ይጠብቃል፤ አይመጣም።

እናታቸው ወይዘሮ ደብረወርቅ በዓመቱ ‘ይመጣል’ አሉ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ‘ይመጣል’ አሉ። ቃላቸው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ በር ሲንኳኳ ቀና ማለት ብቻ ቀራቸው። የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሚካኤል በየጊዜው ይመክሯቸው ነበር፤ ሞቶ ከሆነ ነፍሱ ጸሎት እየጠበቀች ነው፣ ፍትሐት ሊደረግለት፣ ተዝካሩም ሊወጣ ይገባል ይሏቸዋል። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ሲወጣ ወይዘሮ ደብረወርቅ እሺ አሉ። ‘ልጄ ሞቷል’ የሚለውን ቃል ግን ከአፋቸው አላወጡም። ዝም ብለው ለጠላው የሚሆነውን ገብስ ነከሩ፤ ንጉሡም የተነከረውን ሲያይ ገባው።

ካሴቱ የመጣው ብቅሉ ማቆጥቆጥ በጀመረበት ሰሞን ነው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ‘ክር በላብኝ’ ብሎ ቴፑን ካሴቱ እንደተቀረቀረበት ጥሎለት ሄደ። ንጉሡ ክሩን በመርፌ ጫፍ ፈትቶ አወጣው፤ የተጨማደደውን አቃናው፤ ለሙከራ አስጀመረው። ዘፋኙ ዘፍኖ ጨረሰ። ንጉሡም ሌላ ሬዲዮ ከፍቶ እየበየደ ነበርና አላጠፋውም። ኦርጋኑ ጀመረ። ጆሮ አልሰጠውም። ድምፁ ወደ ላይ ወጣ፣ ተንሳፈፈ፣ ቶሎ ቶሎ እያለ በደረጃ እንደሚወርድ ሰው ወረደ፤ ማረፊያው ላይ ሊደርስ ሲል ቆመ። ትንሽ ጸጥታ። ከዚያ የመጨረሻዋ ድምፅ ለብቻዋ መጣች።

መበየጃው ከእጁ ወድቆ ጠረጴዛውን አቃጠለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንጉሡና የአጥናፉ መምህር፣ የኔታ፣ አስም ነበረባቸው። ርክርክ የሚባለው፣ ድምፅ በፍጥነት እየተከታተለ የሚወርድበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እስከ መጨረሻው የሚያደርሳቸው ትንፋሽ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከማሳረፊያው በፊት ቆም ብለው አየር ይስባሉ፤ ከዚያ የቀረችውን አንዲት ድምፅ እስክትጠፋ ይይዟታል። እንዲህ ያለ ማረፊያ በመጽሐፉ የለም። ተማሪዎቹ ግን የኔታ ያደረጉት ሁሉ ዜማ ነው ብለው ያዙት። ደረታቸው እንደ ከበሮ ጤነኛ የሆነ ጎረምሶች፣ መምህራቸው በታመሙበት ቦታ ላይ አብረው ታመሙ። ሌላ ጉባኤ ቤት ሲሄዱ ‘የአስሙ ልጆች መጡ’ እየተባለ ይሳቅባቸው ነበር።

ኦርጋን ደግሞ ሳንባ የለውም። ይህን ከንጉሡ የበለጠ ማን ያውቃል? ሽቦና ጠጣር ብረት ነው፤ ጣት እስካልተነሣ ድረስ ሲጮህ ቢውል አይደክመውም። ታዲያ እዚያ ቦታ ላይ ለምን ተነፈሰ? ክሩን ወደ ኋላ መልሶ ሰማው። አሁንም ተነፈሰ። ደግሞ መለሰው። ከየኔታ ጉባኤ የወጡትን በልቡ ቆጠራቸው፤ አንዱ ቄስ ሆኖ እዚያው ደብር ቀርቷል፣ አንዱ መንኩሷል፣ ሌሎቹ ጦር ሜዳ ናቸው። ደሴ የገባው አንድ ነው።

ሱቁን ሳይዘጋ ቤቱ ገባ።

“እማ፣ ብቅሉን ተይው።”

“ምን አጥፍቶ?”

“አጥናፉ አለ።”

ወይዘሮ ደብረወርቅ አላለቀሱም፤ እልልም አላሉም። የት እንዳየው ጠየቁት። አላየሁትም፣ ሰማሁት አላቸው። ቴፑን አምጥቶ አስጀመረላቸው። አንገታቸውን አዘንብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ ይሄ የቆርቆሮ ጩኸት ነው፣ ልጄ የታለ አሉት። ንጉሡ እጃቸውን ያዘ፤ ድምፁ መውረድ ሲጀምር ጠበቅ አደረጋቸው፤ ጸጥታው ጋ ሲደርስ ለቀቃቸው። ወይዘሮ ደብረወርቅ በዓመት በዓል ደብሩ ድረስ ሄደው የኔታን የሰሙ ሴት ናቸው። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

“የየኔታ ትንፋሽ” አሉ። ከዚያ ወደ ቴፑ ዞረው፣ እንደ ሕፃን ራስ ሽፋኑን እየዳበሱ መረቁት። ብርሃን ይውጣልህ፣ ካለህበት እግርህ ይመልስህ፣ ልጄ አሉት።

ብቅሉን ለጎረቤት ሰጡት።

አባ ወልደ ሚካኤል ግን እንዲህ በቀላሉ አልተያዙም። ለሕያው ሰው ፍትሐት ማድረግ ግፍ ነው፤ የሞተን ሰው ያለ ጸሎት ማስቀረትም ግፍ ነው አሉ። “ካሴት ምስክር አይሆንም፣ ንጉሡ። ሂድና በዐይንህ አይተኸው ና። ቁርጡን አምጣልኝ።”

የወሬው መሰማት አይቀርምና ሱቁ ደጃፍ ላይ የሰው ዓይነት መሰብሰብ ጀመረ። ግማሹ አጥናፉን የሚያውቅ፣ ግማሹ ካሴቱን ለመስማት የመጣ ነው። ሁሉም በየራሱ ጆሮ ይሰማል። አንዱ፣ ይህን የመሰለ ጠንካራ ጣት የወንድ ለመሆኑ ምን ጥርጥር አለው ይላል። ሌላው፣ የቤተ ክህነት ሰው መሆኑ ያስታውቃል፣ አይቸኩልም ይላል። ከጎን ያለው ልብስ ሰፊ ሱሌማን መርገጫውን ሳያቆም ከስፌት መኪናው ላይ ሆኖ ይመልስላቸዋል። ወላሂ የሚጫወተው ኤሌክትሪኩ ነው፣ ሰውየው ሲያበራው ብቻ ነው የሚነካው፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ወንድና ሴት የለውም፣ የእኔ ሲንጀር ወንድ ናት ሴት? ይላል። ያኔ መብራት ሁልጊዜ አይገኝምና ንጉሡ ቴፑን በባትሪ ድንጋይ ነበር የሚያጫውተው። ድንጋዩ ሲደክም ክሩ እየተጎተተ ድምፁ ወፍራም፣ ጎርናና ይሆናል፤ አዲስ ሲገባ ይቀጥናል። ሱሌማን ይህን ካስተዋለ ወዲህ፣ “አብሽር ንጉሡ፣ እኔ ደርሼበታለሁ። ድንጋዩ ሲደክም ወንድ ነው፣ ሲበረታ ሴት ነው” እያለ ያስቃቸው ነበር።

የሱሌማን ሚስት ዘሊካ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሰማችና፣ ሴት ናት አለች። በምን አወቅሽ አሏት።

“ወንድ ቢሆን ኖሮ ስሙን ይጽፍ ነበራ። ፎቶውንም በኮት ተነሥቶ ይለጥፍ ነበር።”

ሳቁ እስከ ገበያው ተሰማ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ንጉሡ ነው።

ሾፌሩ ቴፑን ሊወስድ ሲመለስ ካሴቱን ተወለት፤ የተቀዳውም ደሴ፣ በኪነት ቡድን ነው አለው። ከአውራጃው ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ማስጻፍ ግድ ነበርና፣ የሬዲዮ ዕቃ ልገዛ ነው ብሎ አስጻፈ። እናቱ አንድ ጋቢ ጠቅልለው ሰጡት። አጥናፉ ከተወሰደበት ዓመት ጀምረው ሲፈትሉት የነበረ፣ አሠርተው ያስቀመጡት ጋቢ ነው። ደሴ ብርድ ነው፣ ስታገኘው ቀድመህ አልብሰው፣ ወሬውን ቀስ ብላችሁ ታወሩታላችሁ አሉት። ንጉሡ በጭነት መኪና፣ ከጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ አቀስታን አልፎ፣ የጉጉፍቱ ንፋስ ፊቱን እየገረፈው ሲጓዝ ጋቢውን አልለበሰውም። እንደታጠፈ ደረቱ ላይ ይዞት ሄደ። መንገዱን ሁሉ የሚያስበው ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ካለ፣ ለምን መልእክት አልላከም? ፈርቶ ይሆናል። ስሙን ለውጦ ይሆናል። ሽፋኑ ላይ ስሙ የሌለው ለዚያ ይሆናል። ሁሉም ነገር ልክ ይመጣለት ነበር፤ ሰው ልቡ የወደደውን ሲያስብ የማይገጥም ነገር የለም።

ሾፌሩ የነገረውን ይዞ፣ ጠይቆ ጠይቆ ከኪነት ቡድኑ አዳራሽ ደረሰ። ኦርጋን የሚጫወተውን ፈልጌ ነበር አለ። ዘበኛው ልምምድ ላይ ናቸው፣ ገብተህ ጠብቅ አለው።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ በአንድ በኩል ከበሮ ይወጠራል፣ በሌላ በኩል ልጃገረዶች እስክስታ ይለማመዳሉ። ኦርጋኑ ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ቆሟል። አንዲት ካኪ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቁልፎቹን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች። ንጉሡ፣ ገና አልመጣም፣ እያጸዳችለት ነው ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ዐይኑን በሩ ላይ ተከለ።

ሙዚቃው ሲጀመርም ዐይኑን ከበሩ አላነሣም። ከኋላው ድምፁ ወጣ፣ ተንሳፈፈ፣ በደረጃው ወረደ። ቆመ። ተነፈሰ።

ንጉሡ ብድግ ብሎ ዞረ። ሴትየዋ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አንሥታ፣ የመጨረሻዋን ድምፅ ልታሳርፍ ነበር።

ሲያርፉ፣ ግቢው ውስጥ ካለች አንዲት ባሕር ዛፍ ሥር ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። አንተ የውሻው ንጉሡ አይደለህም አለችው። ቁራሽ ሲለምን የአክስቷ ውሻ ነክሶት ደበሎውን ጥሎ የሮጠበትን ቀን እያነሣች ሳቀችበት። እሱ ግን ማን እንደሆነች አጣት። የየኔታ ልጅ ናት፣ የዓለምዘርፍ። ዓመታት ሙሉ እዚያው ግቢ ሲኖር ፊቷን አይቶት አያውቅም፤ የመምህር ሴት ልጅ አትታይም። የሚያውቀው ከግድግዳው ወዲያ ጥው፣ ጥው የሚለውን የጥጥ ደጋን ነው። ሁልጊዜ እነሱ ሲያዜሙ ማዶ ጥጥ ይነደፍ ነበር። ድምፁን ከንፋሱና ከዶሮው ጋር ቆጥሮ ትቶት ኖሯል።

የዓለምዘርፍ ደጋኗን ከዜማው እኩል ትመታ እንደነበር ነገረችው። አባቷ በዜማው ሲወጡ ታዘገማለች፤ ሲወርዱ ታፈጥናለች፤ ከማረፊያው በፊት ሲቆሙ እጇ ይቆማል። ከየኔታ ሞት በኋላ ደሴ ዘመድ ዘንድ ገባች። ቀበሌው ለኪነት ወጣት ሲሰበስብ እሷንም ጠሩ። ዝፈኚ ሲሏት ድምፅ አልወጣት አለ፤ አፍራ ቆመች። በኋላ፣ ከኋላ ተደብቀሽ ይህን ምቺ ብለው ኦርጋኑ ላይ አስቀመጧት።

“ዜማውን በአፌ አንድ ቀን ብዬው አላውቅም” አለች። “በእጄ ነው የማውቀው። እዚያ ቦታ ጋ ስደርስ ጣቴ ይነሣል። ለምን ብለው ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም። ዜማው እንደዚያ ነው እላቸዋለሁ።”

“ዜማው እንደዚያ አይደለም” አለ ንጉሡ። “የየኔታ አስም ነው።”

አባቷ እዚያ ቦታ የሚቆሙት በሕመሙ መሆኑን አታውቅም ነበር። ከዚያ ጋቢውን አይታ ለማን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት፤ ስለ ብቅሉ፣ ስለ ነፍስ አባታቸው፣ ስለ እናቱ ምርቃት። ስለ አጥናፉ የምታውቀው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። ደሴ እያለ አንድ ሁለቴ መንገድ ላይ ሰላም ብሏታል። ከተወሰደ በኋላ ያየ ሰው አላጋጠማትም። አይቼው ቢሆን ደስ ባለኝ አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ይቅርታ ነበር፣ የበደለች ይመስል።

ንጉሡ ለመሄድ ሲነሣ ነው ይህን የተነጋገሩት።

“ከእንግዲህ አታዳምጠውማ” አለችው።

“ካሴቱን?”

“አዎ። የእኔን።”

“እኔ እኮ ወንድሜ መስሎኝ ነው።”

“ገብቶኛል። ግን አንድ ጊዜ እንኳን ‘የየኔታ ልጅ ትሆን ይሆን’ ብለሃል?”

“አላልኩም።”

“ድምፁ እኮ አልተለወጠም፣ ንጉሡ። ስትመጣ የሰማኸውና አሁን የሰማኸው ያው ነው። ምኑ ጎደለ?”

ንጉሡ መልስ ፈለገ። ምንም አልጎደለም እንዳይላት፣ ወንድሙ ጎድሏል። ጎደለ እንዳይላት፣ አዳራሹ ውስጥ ሆኖ የሰማት ድምፅ ከካሴቱም የበለጠች፣ የጠራች ነበረች። አላውቅም አላት። እውነቱን ነው። እሷም፣ የሚጠይቅህ ሰው ካለ ስሜን ንገርልኝ፣ እዚያ ሽፋን ላይ አይጽፉትም ብላ ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

መካነ ሰላም ሲደርስ እናቱ ደጅ ላይ ነበሩ። ንጉሡ ምን ብሎ እንደሚጀምር መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስል መጥቷል፤ አላስፈለገውም። ወይዘሮ ደብረወርቅ ደረቱ ላይ የታጠፈውን ጋቢ አዩ። አጣጥፈው እንደሰጡት ነው፤ እጥፋቱ እንኳን አልተፈታም። መቀመጫቸውን ፈልገው ተቀመጡ። ቀና ብለው፣

“ታዲያ ማን ነበር?” አሉ።

“የየኔታ ልጅ። የዓለምዘርፍ።”

“ሴት?”

“አዎ፣ እማ።”

“እኔ መርቄው የለም? ‘ልጄ’ ብዬ?”

“መርቀሻል።”

ወይዘሮ ደብረወርቅ ያንን ቀን ሙሉ በምርቃቱ ተጨነቁ። የወጣ ምርቃት አይመለስም። አንዴ፣ የሰው ልጅ ናት፣ እናቷም የለች፣ ይሁናት እንግዲህ ይላሉ። ዞር ብለው ደግሞ፣ ኧረ የልጄን ድርሻ እንዴት ለባዳ እሰጣለሁ ይላሉ። ሲመሽ ንጉሡን ቴፑን አስከፈቱት። ጸጥታው ጋ ሲደርስ እንደ ቀድሞው መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያው ነው አሉ። ከዚያ፣ አይደለምም አሉ። ደግሞ አንዴ መልሰው አሉት።

ገብስ እንደገና ተነከረ። አባ ወልደ ሚካኤል ፍትሐቱን አደረሱ፤ ተዝካሩም ወጣ። ጋቢው ለደብሩ ተማሪ ተሰጠ። ሱሌማን ድንኳን ሲተክል ዋለ፤ ዘሊካም ክርስቲያኖቹ ሲበሉ ለሙስሊሙ ጎረቤት ለብቻው በታረደው ላይ ስትሯሯጥ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ግን ንጉሡን አንድ ጥግ ጠርታ፣ ያንን ቀን ሴት ናት ያልኩት ለቀልድ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ባልልስ ኖሮ ይቀየር ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። አብሽሪ፣ ካንቺ አይደለም አላት።

ካሴቱን የሚያዳምጡት ሰዎችም ጆሮ ተለወጠ። ንጉሡ ስሟን ነገራቸው፤ ቃሉን ጠበቀ። ያ፣ ጠንካራ ጣት የወንድ ነው ሲል የነበረው ሰው፣ ለካስ ለዚህ ነው እንዲህ ልስልስ የሚለው አለ። ያው ክር ነው። አይቸኩልም ያለው ሰውዬ፣ ትንሽ ትፈራለች አለ። ሱሌማን ብቻ በአቋሙ ጸና፤ እኔ ከመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው ብያለሁ አለ። ይሁን እንጂ እሱም በሩ ላይ ሲያልፍ፣ ‘ዛሬስ እንዴት አደረች?’ ማለት ጀመረ። ዱሮ ‘እንዴት አደረ?’ ነበር የሚለው።

ንጉሡ ግን ከሁሉም የባሰ ግራ ገባው። አንዳንድ ማለዳ ቁልፉን ሲጫን የሚመጣለት አጥናፉ ነው፤ ደበሎውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ራሱን እየነቀነቀ። እያወቀው ይመጣበታል። አንዳንድ ማለዳ ደግሞ ግድግዳው ይመጣል፤ ከግድግዳው ወዲያ ጥው፣ ጥው የሚል ደጋን። ያን ጊዜ ደጋኑን ቢሰማው ኖሮ፣ አንድ ቀን ዞር ቢል ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ ያስባል። ሴት መሆኗን ስላወቀ ነው ደጋኑን የሚሰማው፣ ወይስ ደጋኑ ድሮም እዚያው ውስጥ ነበር? ዐይኑን ጨፍኖ፣ ማንነቱን ረስቶ፣ እንዲያው ድምፁን ብቻ ለመስማት ይሞክራል። ባዶ ድምፅ አይገኝም፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከኋላው ቆሞ ይመጣል። ሰውዬው ማን እንደሆነ ግን እሱ አይመርጥም። ጣቱ ቁልፉ ላይ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ዛሬ ማን ይከፍትለት እንደሆነ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለእኔ ያለ ስስት የነገረኝ ንጉሡ፣ ከጽሑፉ እንዲቀር የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ብታልፍም፣ አጥናፉ ባይኖርም፣ ይቺን ተያት አለ።

አጥናፉ የመጨረሻዋን ድምፅ አንድም ቀን ይዟት አያውቅም። ችኩል ነበር። ትንፋሹን እንደሳበ ቶሎ ይቆርጣታል፤ የኔታም በመቋሚያቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ አድርገው፣ ቆይ፣ ትሙት እንጂ አትግደላት ይሉት ነበር። እስኪወጣ ድረስ አልተማራትም። ካሴቱ ላይ ግን ያች ድምፅ ትቆያለች፤ ትቀጥናለች፤ በራሷ ጊዜ ትጠፋለች። ንጉሡ ይህንን የሰማው ደሴ ሄዶ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን፣ መበየጃው ጠረጴዛውን እያቃጠለው፣ ክሩን ሲመልስ ሰምቶታል። እስር ትዕግሥት ያስተምራል ብሎ ለራሱ መለሰ፤ ሱቁንም ሳይዘጋ ወደ እናቱ ሮጠ።